ለበረኛ የተላኩ ሽማግሌዎች

ጀምበሬ ሰው ሲተዋወቅ መጀመሪያ የሚያየው ፊቱን ሳይሆን ጫማውን ነው። የካርቱም አቧራ የሁሉንም ጫማ መልክ አንድ ያደርገዋል፤ የኳስ ተጫዋች ጫማ ግን አፍንጫው ላይ ይፋቃል፣ በተለይ የቀኙ። በየዓመቱ የምዝገባ ሰሞን አል-ሳሃፋ ሰፈር ባለው የኮሌጁ ግቢ ውስጥ ከሰልፉ ጎን ወንበር ስቦ ይቀመጥና አንገቱን ደፍቶ ጫማ ይመለከታል። ለማያውቀው ሰው የሚጸልይ ይመስላል። የተፋቀ አፍንጫ ሲያልፍ ብድግ ብሎ፣ «ወንድሜ፣ የት ቦታ ነው የምትጫወተው?» ይላል። ትጫወታለህ ወይ ብሎ አይጠይቅም። እንዲያ ብሎ ለጠየቀ ሰው እምቢ ማለት ይቀላል።

በወረቀት ላይ ሥራው የስፖርት ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂነት ነው። በተግባር ግን አሰልጣኙም፣ ማሊያ አጣቢውም፣ ተጫዋች መልማዩም እሱ ነው፤ የመጨረሻው አሰልጣኝ «ለሁለት ሳምንት ደርሼ ልምጣ» ብሎ ወደ ኳታር ከሄደ ሦስት ዓመቱ ነው። ጀምበሬ ሃምሳ አራት ዓመት ሞልቶታል። በወጣትነቱ ጎንደር ውስጥ ለአንድ የቀበሌ ቡድን በረኛ ነበር። በገዳሪፍ በኩል ሱዳን የገባው ለአንድ ክረምት ነበር፤ ዴም በሚባለው የካርቱም ሰፈር በተከራያት አንዲት ክፍል ሃያ ሦስት ክረምት አሳለፈ። ቁጡ ነው፣ ግን ቁጣው ቶሎ ይበርድለታል። በአሥራ አንድ ዓመት የግምጃ ቤት ሥራው አንድ የኳስ መርፌ እንኳ አልጠፋበትም፤ ይኼንን ሳይጠየቅ ለሁሉም ይናገራል።

ነገሩ የሆነው በ2014 ነው፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር። ባለፈው የውድድር ዘመን ቡድኑ ዘጠኝ ጊዜ ተጫውቶ ዘጠኙንም ተሸንፏል። ጀምበሬ ሲጠየቅ፣ «ኳስ አጥተን አይደለም፣ ሰው አጥተን ነው» ይላል፤ እውነቱን ነው። አራቱ ጥሩ ተጫዋቾች ጎረቤት ወዳለ ሌላ ኮሌጅ ሄዱ፣ አውቶቡስ ይገዛላችኋል ተብለው። አውቶቡሱ እስካሁን አልመጣም፣ ወሬው ብቻ አራት ሰው ጭኖ ወሰደ። አጥቂው ሚስት አገባና አማቱ፣ ባለትዳር ሰው በቁምጣ ሲሮጥ ማየት ነውር ነው አሉ። ጀምበሬ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲኮራበት የቆየ አንድ ቁመተ ረጅም ልጅ ደግሞ ኳሷ እግሩ ሥር ካልደረሰች እንደማያያት ታወቀ። በረኛው ተመርቆ ወጣ።

ከዚያ አዲሱ ዲን ጠሩት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን መኪና አላቸው፣ መኪናቸውም ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ይውላል። የኮሌጆች ሊግ ለምዝገባ አሥራ ስድስት ስም ይጠይቃል፣ እያንዳንዱም የተማሪ መታወቂያ ያለው። «እስከ መጪው ወር የመጀመሪያ ሐሙስ እኩለ ቀን ድረስ አሥራ ስድስት ካመጣህ ቡድኑ ይቀጥላል» አሉት። «ካላመጣህ ሜዳው የመኪና ማቆሚያ ይሆናል።» አንድ ጥሩ ተጫዋች ካገኘ ያለ ክፍያ እንዲማርለት ፈቀዱ። ፍትሐዊ ነበሩ፣ ጀምበሬን ያናደደውም ይኼው ነው። በዳይ ቢሆኑ ኖሮ በግልጽ ይጣላቸው ነበር።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው ያገኘውን ሁሉ መዘገበ። ሐሙሱ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አሥራ አምስት ስም ነበረው፤ ከአሥራ አምስቱ ስድስቱ ኳስ ያውቃሉ፣ አንዱም ግን በረኛ አይደለም። ግምጃ ቤቱ ውስጥ ኮሌጁ ከሁለት ዓመት በፊት የገዛው አዲስ የበረኛ ጓንት ነበር። የተመረቀው ልጅ እጁ ትንሽ ስለነበረ ለብሶት አያውቅም። ጀምበሬ በየቅዳሜው ከሳጥኑ ያወጣውና አቧራውን አራግፎ መልሶ ያስቀምጠዋል።

ሙጅታባን ያየው ሳጃና ሰፈር ውስጥ፣ አርብ ከሰዓት በኋላ፣ ጎረምሶች ድንጋይ ለበር አስቀምጠው በሚጫወቱበት ባዶ መሬት ላይ ነው። ልጁ ረክሻውን፣ ባለ ሦስት እግሯን ታክሲ፣ ከድንጋዮቹ ኋላ አቁሞ በር ያዘ። ብዙ አይዘልም። ኳሷ ከመመታቷ በፊት የምትመጣበት ቦታ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። የሚዘል በረኛ ሞልቷል፣ ቀድሞ የሚቆም ግን ጀምበሬ በዕድሜው ያየው ሦስት ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ራሱ ነበር። ጨዋታው እስኪያልቅ ጠበቀና ሄዶ ልጁን አነጋገረው።

ሙጅታባ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰው ባለፈው ዓመት ነው። አባቱ ዑስማን ሱዳናዊ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፣ ከሞተ አሥር ዓመት ሆነው። እናቱ ስንቅነሽ ዴም ውስጥ በቤቷ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። እህቱ ማላዝ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ የሴቶች ፀጉር ቤት ትሠራለች።

«እኔ ወላሂ ደስ ይለኛል፣ ጋሼ» አለ ሙጅታባ፣ ዓይኑን ወደ ረክሻው መልሶ። «ግን እማን… እማን ጠይቃት።»

ጀምበሬ ሁለት ጊዜ ሄዶ ጠየቃት። በመጀመሪያው ቀን ስንቅነሽ ከስፌቷ ቀና ሳትል፣ «ልጄ ሥራ አለው፣ ጋሽ ጀምበሬ። ረክሻው እንጀራው ነው» አለችው። በሁለተኛው ቀን ያለ ክፍያ ይማራል ሲላት የስፌት መኪናዋ ፔዳል ቆመ። ፊቷ ተለዋወጠ። «ስለ ኮሌጅ ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳያነሱብኝ» አለችና እስከ በር ሸኘችው። ጀምበሬ ሴትዮዋ ኳስ ትጠላለች ብሎ ደመደመ። ተሳስቶ ነበር፤ ግን ስህተቱን የሚያውቀው ገና በሳምንቱ እሁድ ነው።

እናት እምቢ ስትል የዴም ሰው የሚያደርገውን አደረገ። ሽማግሌ ሊልክ አቶ ያረጋል ዘንድ ሄደ። አቶ ያረጋል የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ዴም ውስጥ በእሳቸው አፍ ያልተጠየቀች ሙሽራ የለችም ይባላል። ጉዳዩን ሲሰሙ እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ለሴት ልጅ ሄጃለሁ፣ ለተጣላ ሄጃለሁ፣ ለደም ሄጃለሁ» አሉ። «ለበረኛ ግን እንግዲህ አንተ አመጣህብኝ።» ከዚያ ሳቁን ተዉትና፣ «ግን ከተሄደ በደንቡ ነው የሚኬደው» አሉ።

ደንቡ እንዲህ ነው። ሽማግሌዎቹ ሦስት ይሆናሉ። «ለጉዳይ እንመጣለን» ተብሎ አስቀድሞ ይላካል፤ ጉዳዩ ግን አይነገርም። መልስ ሳይሰጣቸው አይቀመጡም። የላካቸው ሰው አብሮ አይሄድም። አቶ ያረጋል ሁለተኛ ሽማግሌ እንዲሆኑ የመረጡት ሐጂ ሰዒድን ነው፤ የወሎ ሰው፣ ሥጋ ሻጭ፣ ቀልድ አዋቂ። ሦስተኛው ምግብ ቤት ያለው አያሌው ሆነ፣ ዝም ማለት ስለሚችልበት። ማክሰኞ ዕለት ለስንቅነሽ መልእክት ሄደ፤ እሁድ ጧት እኔ ያረጋል፣ ሐጂ ሰዒድና አያሌው ለጉዳይ እንመጣለን የሚል።

እንግዲህ ሃያ ሦስት ዓመት የሞላት ሴት ልጅ ያለችበት ቤት እንዲህ ያለ መልእክት ሲደርሰው ሌላ ምን ያስባል? ያውም የሐጂ ሰዒድ ትልቁ ልጅ ከጅዳ ገና በረመዳን መመለሱ ነው፣ ሚስትም የለውም። ስንቅነሽ ነገሩን በአንድ ጊዜ ገጣጠመችው። ረቡዕ ግቢዋን ኖራ አስቀባች። ሐሙስ ደግሞ ለአሥር ዓመት ያልደወለችበትን የኦምዱርማን ቁጥር ደወለች፤ ለጋብቻው ኒካ ከአባት ወገን የሚቆም ወንድ ያስፈልጋልና። የዑስማን ወንድም ባቢከር ከወንድሙ ለቅሶ ወዲህ ያንን ደጃፍ ረግጦት አያውቅም። ለሰርግ ነው ስትለው ግን እመጣለሁ አለ።

እሁድ ጧት ጀምበሬ ከስንቅነሽ ግቢ ውጭ የኒም ዛፍ ሥር ቆሟል። ደንቡ አትግባ ይላል እንጂ አትስማ አይልም፣ ግንቡም ዝቅተኛ ነው። ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ሰማ። ስንቅነሽ ተቀመጡ ስትል፣ አቶ ያረጋል «አንቀመጥም፣ መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም» ሲሉ ሰማ። ከዚያ አንድ የማያውቀው ወፍራም ድምፅ በዐረብኛ መናገር ጀመረ። ባቢከር ነበር። እኔ አጎቷ ነኝ፣ በወንድሜ ቦታ የቆምኩ ነኝ፣ ልጅቷ ልጄ ናት፣ ሰውዬው ጨዋ ከሆነ ቅሬታ የለኝም አለ።

«የምን ልጅቷ?» አሉ አቶ ያረጋል።

«እኛ የመጣነው ለሙጅታባ ነው» አሉ ሐጂ ሰዒድ።

«ለሙጅታባ?» አለች ስንቅነሽ። «የማን ልጅ ናት?»

«የማንም ልጅ አይደለችም። ኮሌጅ ነው» አሉ ሐጂ ሰዒድ።

«ኮሌጁ ምን ሊሆን?»

«በር ሊጠብቅ» አለ አያሌው። ያን ቀን የተናገረው ይኼንኑ ብቻ ነው፣ ባይናገረው ይሻል ነበር።

ከጓዳ የማላዝ ሳቅ ፈነዳ። ከሳቁ በላይ የስንቅነሽ ጩኸት ተሰማ፤ «የላካችሁ ማነው? ራሱ ይግባ!» ጀምበሬ ኮፍያውን አውልቆ እንደ ጥፋተኛ ሙሽራ በበሩ ገባ። በረድፍ የተሰደረ ወንበር፣ አዲስ ኖራ፣ የተነጠፈ ምንጣፍ አየ። ይኼ ሁሉ በእሱ ምክንያት የተደከመ መሆኑን ሲያይ መሬት ብትውጠው ወደደ።

«ኳስ!» አለች ስንቅነሽ። «ለኳስ ብለው ነው ከኦምዱርማን ሰው ያስመጡብኝ? እኔ ኳስ ጠላሁ? ልጄ በፈተና ሰማንያ አራት አመጣ፣ ጋሽ ጀምበሬ። ሰማንያ አራት! ሦስት ኮሌጅ ከበር መለሰው። ረቀም ወጠኒ ማፊ፣ ኸላስ፣ ሂድ አሉት። ሲጂል፣ ቁጥሩ የሚሰጥበት ቢሮ ሄድኩ፤ አባቱ ሱዳናዊ ከሆነ ከአባቱ ወገን አንድ ምስክር አምጪ አሉኝ። ኦምዱርማን ሁለት ጊዜ ሄድኩ። ሁለቱንም ጊዜ ይኼ ሰውዬ ለስግደት ወጥቷል ተባልኩ። በዚያች ከተማ የሚሰግድ ሰው እሱ ብቻ ነው?» ከዚያ እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ረቀም ወጠኒ የዜግነት መለያ ቁጥር ነው፣ ማፊ ደግሞ የለም ማለት፤ ያ ከሌለ በዚያች አገር አንድ ሰው ተወልዶ፣ አድጎ፣ በርም እየጠበቀ ቢኖር እንኳ ወረቀት ላይ የለም።

ባቢከር አማርኛ አይሰማም። ረቀም ወጠኒ የሚለውን ግን ሰማ። የነጭ ጀላቢያውን እጅጌ ማስተካከል ጀመረ።

ማላዝ የውኃ ብርጭቆ በሰሐን ይዛ ወጣች። ከዚህ በኋላ ንግግሩ ሁሉ በዐረብኛ ሆነ። «ዓሚ ባቢከር» አለች፣ ሰሐኑን ፊቱ አስቀምጣ። «እኔን ልትሰጥ ነው የመጣኸው። እኔም ቁጥር የለኝም፤ ማን ናት ብለህ ነበር የምትሰጠኝ? ለመስጠት አጎቴ ከሆንክ ለመመስከርም አጎቴ ነህ።»

ሐጂ ሰዒድ ጉልበታቸው ታማሚ ነውና ሊቀመጡ ጎንበስ ብለው ነበር። አቶ ያረጋል ክንዳቸውን ያዙና ቀና አደረጓቸው።

«ጉዳያችን ተለውጧል» አሉ ለባቢከር። «አሁን የመጣነው አንተ ዘንድ ነው። መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም። አንተ ልጆቹን አልመታህም፣ ቤታቸውንም አልወሰድክም። የከለከልካቸው አንድ ቃል ብቻ ነው። ግን በዚያች ቃል ጉድለት ልጁ ደጅ ቀርቷል።»

ቆሙ። ጀምበሬም አብሯቸው ቆመ። ባቢከር ውኃውን ጠጣ፣ ብርጭቆውን አስቀመጠ፣ መልሶ አነሳው፣ ባዶ መሆኑን አየ። እናቴ ያኔ ለወንድሜ ጋብቻ አልፈቀደችም ነበር፣ እኔም ከዚያ በኋላ እንዴት እንደምመለስ አላወቅሁም አለ። ሐጂ ሰዒድ በአቶ ያረጋል ክንድ ተደገፉ፣ ግን አልተቀመጡም።

«ኢንሻአላህ» አለ ባቢከር በመጨረሻ።

«ኢንሻአላህ ማለት መቼ ነው?» አሉ ሐጂ ሰዒድ።

«ማክሰኞ።»

ሐጂ ሰዒድ በቁመታቸው ወንበሩ ላይ ወደቁ። ስንቅነሽ ክርስቲያኑም እስላሙም እንዲበላው ብላ የጠበሰችውን የዓባይ ዓሣ አቀረበች፤ አቶ ያረጋል አጥንቱን እየለቀሙ፣ «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» አሉ። ማላዝ ጀምበሬ ፊት ከሁሉ የሚበልጠውን ዓሣ አስቀመጠችለት። ባቢከርም በላ፤ ሲሄድ የሙጅታባን ራስ በመዳፉ ነካ።

ማክሰኞ ቃሉን ጠበቀ። ወንድምና እህት በአንድ ቀን ቁጥር አገኙ። ጀምበሬ ረቡዕን በደስታ ሜዳ በማስመር ዋለ፤ ያለፈው ዓመት ኖራ አልቆ ስለነበር ስንቅነሽ ከግቢዋ የተረፈውን ልካለት ነበር።

ሐሙስ ጧት ከሙጅታባ ጋር መዝገብ ቤት ሄዱ። ልጁ ረክሻውን ጥላ ፈልጎ ሊያቆም ወደ ኋላ ቀረ፣ ጀምበሬ ወረቀቶቹን ይዞ ገባ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ኢንሷፍ እናቷ ኢትዮጵያዊት ናት፤ አማርኛዋ ቢሰባበርም ከጀምበሬ ጋር በሌላ ቋንቋ አታወራም። ማመልከቻውን ገለጠች፣ የፈተናውን ውጤት አየች፣ እንደገና አየች።

«ጋሼ፣ ይሄ ልጅ ሰማንያ አራት አለው።»

«አውቃለሁ። ጻፊ።»

«እኛ ጋ ምን ይሠራል? እኛ ጋ ሐንደሳ ማፊ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና ይወስደዋል፤ ሁለተኛው የመግቢያ ዙር እስከ እሁድ ክፍት ነው። አሁን ቁጥር አለው። እኛ ጋ ከተመዘገበ ግን ኸላስ፣ ስሙ እዚህ ይታሰራል።»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አለ ጀምበሬ።

ኢንሷፍ ትከሻዋን ነቀነቀችና ብዕሯን አነሳች። «እኔ አልናገርም። ልጻፍ?»

ጀምበሬ ወንበር ላይ ተቀመጠ። በመስኮቱ ሜዳው ይታያል፣ ትናንት ያሰመረው ነጭ መስመር ገና አልተረገጠም። እስከ እኩለ ቀን ሦስት ሰዓት አለ። ልጁ ዙር ብሎ ነገር አልሰማም፣ እናቱም አልሰማችም። ዝም አይነቅዝም ይላል ያገሩ ሰው። አንድ ስም ይጻፋል፣ ሜዳው ሜዳ ሆኖ ይቀራል፣ ልጁም ቢሆን ከረክሻ ይሻለዋል። በዚህ ማን ይወቅሰኛል ብሎ አሰበ፤ ማንም እንደማይወቅሰውም አወቀ። ያኔ ባቢከር ብርጭቆውን ሲያነሳና ሲያስቀምጥ ታየው። እሱም የከለከለው አንድ ቃል ብቻ ነበር። ጀምበሬ ኢንሷፍን፣ ዲኑን፣ አቶ ያረጋልን፣ ሰማንያ አራቱንም በየተራ በልቡ ረገመና ወረቀቶቹን ከጠረጴዛው ሰብስቦ ወጣ።

ሙጅታባ ነገሩን ሲሰማ መጀመሪያ አላመነም። ከዚያ፣ «ቡድኑስ፣ ጋሼ?» አለ።

«ቡድኑ የራሱ ጉዳይ ነው። ያላ፣ ሂድ፣ እሁድ ሩቅ አይደለም።» ከዚያ ልጁን አቁሞ ወደ ግምጃ ቤቱ ገባና ጓንቱን ከነሳጥኑ አምጥቶ ረክሻው ወንበር ላይ ወረወረው። «እዚያም በር አለ» አለ። ልጁ ሊስመው ሲል ረክሻዋን በእግሩ መታት፣ እንድትነሳ።

ተመልሶ ሲገባ ኢንሷፍ የአሥራ አምስቱን ስም ዝርዝር ይዛ ትጠብቀው ነበር።

«አሥራ ስድስተኛው?»

«ሽማግሌ የላከ ሁሉ አያገባም» አለ ጀምበሬ።

እሁድ ዕለት ዲኑ የላኩት የንብረት ሠራተኛ ግምጃ ቤቱን ሊረከብ መጣ። ኳስ፣ መረብ፣ ማሊያ፣ መርፌ፣ አንድ በአንድ ከዝርዝሩ ጋር አመሳከረ፣ አልጎደለም። በመስኮቱ በኩል የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች በነጩ መስመር ላይ ሲቆሙ ይታያል። ሰውዬው ወደ ዝርዝሩ መጨረሻ ደረሰና ቀና አለ።

«የበረኛ ጓንት፣ አንድ ጥንድ ይላል። የት አለ?»

«በረኛው ይዞት ሄደ።»

«የትኛው በረኛ? በረኛ የላችሁም አሉ እኮ።»

«አለን» አለ ጀምበሬ፤ ብዕሩን ተቀብሎም ጎድሏል በሚለው መስመር ላይ ስሙን ጻፈና ፈረመ።